ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መርዶ

ወይዘሮ ትርሲት ዛሬ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ መሪ ሰፈር በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል። ይህን ዜና በእድራችን ድረ ገጽ ላይ የማውጣት አደራ የተሰጠው ለእኔ ነበር፤ አወጣሁትም። ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁት ግን የሟቿ ፎቶግራፍ ወደ ገጹ የገባው እየዘለለ ነው። ከታች ብቅ አለ፣ ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ፣ ከዚያ ፈገግ እንዳለ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ «በታላቅ ኀዘን» የሚል ተጽፏል።

ጥፋተኛው ሩቅ አይፈለግም። ባለፈው ሳምንት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ልጅ ተድራ ነበርና የሠርጉን ማስታወቂያ ፋይል ቀዳሁ፣ ስም ቀየርኩ፣ ፎቶ ቀየርኩ፣ ሙሽሮቹን እያዘለለች ያስገባችውን አንዲት ቃል ግን ሳልቀይር ለቀቅኩት። መነጽሬን ስፈልግ ነው ያረፈድኩት፤ ኋላ ግንባሬ ላይ አገኘሁት።

መጀመሪያ የደወሉልኝ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣» አሉኝ፣ «ሬሳ ታስጨፍራለህ?»

አሁኑኑ አስተካክላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ኮምፒውተሩ ዘንድ ሳልደርስ ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ሳባ ነበረች፤ የወይዘሮ ትርሲት ታናሽ እህት፣ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ አዩአት?»

«አየሁ፣ ልጄ። አሁን አነሣዋለሁ።»

ከበስተኋላዋ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲያለቅስ ይሰማኛል። «እስከ ምሳ ሰዓት ይተዉት፣» አለችኝ። «በእግሯ ቆማ ካየኋት እኮ ስንት ጊዜዬ።»

ተውኩት። ሰብሳቢው ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አፍኜ ከቤት ወጣሁ። ሌላ አደራ ነበረብኝ፣ ከማስታወቂያው የሚከብድ። ወይዘሮ ትርሲት በመጨረሻ ያሉኝ፣ ሞታቸውን ኤንጦጦ ላይ ለሚኖሩት ለአዴ ጫልቱ ራሴ ሄጄ በአፌ እንድነግር ነበር። አዴ ጫልቱ ከስልክ እንዳይሰሙ። ለምን እንዲህ እንዳሉ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ።

የማታውቋቸው ካላችሁ፣ ወይዘሮ ትርሲት ሥራቸው ድረ ገጽ መሥራት ነበር። ቢሯቸው መገናኛ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ጠባብ ክፍል ነበረ። ልዩ ሙያቸው እንቅስቃሴ ነው፤ ገጽ ሲከፈት ሥዕል ከጎን ሲገባ፣ ጽሑፍ ከጭጋግ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ሲገለጥ፣ ያንን የሚያደርገውን ትእዛዝ ይጽፉ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ፊደሉም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። እድሩ ድረ ገጽ ይኑረን ሲል «አንተ ፊደል ታውቃለህ» ብለው ወደ እሳቸው ሰደዱኝ። ልጄ የምትሆን ሴት ፊት ደብተር ይዤ ስቀመጥ ኀፍረቴን ለመሸፈን «የኔታ» አልኳቸው፣ «እርስዎ»ም አልኩ። በቀልድ ነበር የጀመርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቀልዱ እውነት ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያውን ትምህርት እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ጋሼ፣ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም ብሮውዘር ይባላል፤ ስልኩ ሁሉ የየራሱ አለው፣» አሉኝ። «አዲሱ ተንቀሳቀስ ሲሉት ይንቀሳቀሳል። አሮጌዎቹ ግን ማዕረጋቸውን አስቀድመው ካልጠሩላቸው ዞረው አያዩም። አንዱን ግራዝማች፣ ሌላውን ባላምባራስ ማለት አለብዎ።»

«ታዲያ ትእዛዝ በሰጠሁ ቁጥር የሁሉንም ማዕረግ ስጠራ ልኖር ነው?»

«ለምን ብለው? አንዴ ከነማዕረጋቸው ይጽፉትና ስም ያወጡለታል። ያ ሚክሲን ይባላል። ከዚያ በኋላ በፈለጉበት ገጽ ስሙን ብቻ መጥራት ነው፤ ማዕረጉን ሁሉ እሱ ይጠራልዎታል። ወጥ በሠሩ ቁጥር በርበሬ ያስፈጫሉ እንዴ?»

ወጥ ሠርቼ ስለማላውቅ በርበሬው ብዙም አልረዳኝም። የገባኝ በራሴ በኩል ነው። ማተሚያ ቤት ሳለን ለሙት ማስታወቂያ የሚሆነውን ጥቁር ጠርዝ አንዴ አስተካክለን፣ በሲባጎ አስረን፣ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው ነበር። ሰው ሲሞት ጠርዙ ይወርዳል፣ መሃሉ ላይ ስሙ ይገባል። ጠርዙ ያው ነው፤ ሟቹ ነው የሚለዋወጠው። ይህን ብነግራቸው እርሳሳቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«እንግዲህ ከዚህ በላይ የማስተምርዎ የለም፣» አሉ።

ዋሽተዋል። ከዚያ ወዲህ የትእዛዙን ቅንፍ ሳልዘጋ በሄድኩ ቁጥር እየተከተሉ ሲዘጉልኝ ኖረዋል።

ለእድራችን ገጽ ሁለት ሚክሲን ሠሩልን። ሠርግና ክርስትና ሲሆን የምንጠራው «ዝለል» ነው። ለሞት የምንጠራው «ቀስ» ነው፤ ጽሑፉን ከጭጋግ እንደሚወጣ አድርጎ በዝግታ ይገልጠዋል። ዛሬ ጠዋት ያምታታሁት እነዚህን ሁለቱን ነው።

«ቀስ» ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው ግን በአንድ ሰው እንባ ነው። ወይዘሮ ትርሲት ራሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይሸሽጉ ይናገሩት ነበርና እኔም ልሸሽገው አይገባኝም።

ላምበረት አውቶቡስ ተራ ጀርባ ትንሽ ሱቅ የነበራቸውን አቶ ቶላን ታስታውሳላችሁ። ሲሞቱ ገጹ ገና አዲስ ነበር፤ የሞት ማስታወቂያቸውን በኩራት አወጣነው። አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ ኤንጦጦ ላይ የሚኖሩ፤ አዴ ጫልቱ ናቸው። ቤተ ዘመድ ሲደውል እዚያ ላይ መስመር የለም። የወንድማቸው ልጅ የገጹን አድራሻ በመልእክት ላከላቸው። መስመር ብቅ ሲል መልእክቱ ደረሰ። አዴ ጫልቱ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ የተማሩ ናቸውና ስልካቸውን ከፈቱት። ያዩት ከላይ የእድሩ ስም፣ ከሥሩ ባዶ ነጭ ገጽ ነው። የወር ስብሰባ ይሆናል ብለው አስቀመጡት።

በማግስቱ ለወንድማቸው በላስቲክ ዕቃ ወተት ይዘው ወረዱ። ከሱቁ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ከቀብር ተመልሶ ንፍሮ ይቆነጥራል። አዴ ጫልቱ ወተቱን እንደያዙ ቆሙ። ያን ዕለት አላለቀሱም፤ ያልነበርኩበት ለቅሶ እንዴት ይለቀሳል ብለው ወተቱን ለልጁ ሰጥተው ወደ ተራራቸው ተመለሱ። በአገራችን መርዶ የሚነግረው ሰው ነው፤ ማልዶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አስከትሎ። እኛ ይህን ለስልክ አሳልፈን ሰጠን፤ ስልኩም ዝም አለ።

ማንም ወይዘሮ ትርሲትን አልጠረጠረም። መስመር ነው ተባለ፣ ኔትወርክ ነው ተባለ። እሳቸው ግን ስልኩን አምጡልኝ አሉ። አሮጌ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ገጹን ከፈቱት፤ ነጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ቀስ ብሎ እንዲገለጥ በመጀመሪያ ይሰወራል፤ ከዚያ ተገለጥ ይባላል። ያን ጊዜ የየኔታ «ቀስ» ሁለት ሦስት ማዕረግ ብቻ ነበር የሚጠራው። የአዴ ጫልቱ ስልክ መሰወሩን ሰማ፤ መገለጡን፣ በማዕረጉ ስላልተጠራ፣ አልሰማም። የአቶ ቶላ ሞት እዚያው ገጽ ላይ ነበረ፤ አይታይም እንጂ።

ወደ ኤንጦጦ አብሬአቸው ወጣሁ። ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ በእግር ነው። እኔ እያለከለክሁ፣ እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ። አዴ ጫልቱ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ወይዘሮ ትርሲት አልተቀመጡም።

«እማማ፣ ጽሑፉ ነበረ፣» አሉ። «የሰወርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሲገባ እንዲያምር ብዬ።»

አዴ ጫልቱ ስልካቸውን አገላብጠው አዩት። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ የለም። «መርዶ ያምራል እንዴ ልጄ?» አሉ። «መምጣቱ አይቀርም፤ ይምጣ። ግን ቁጭ ብሎ ቢጠብቀኝ ምን ነበረበት?»

የኔታ በቀጥታ ወደ መገናኛ ተመለሱ። ቢሮ ገብተው የሠሩትን ሚክሲን ሁሉ ከሥሩ ናዱት። ከዚያ ወዲህ የሳቸው ሕግ አንድ ሆነ፤ «መጀመሪያ ቁጭ ይበል። መንቀሳቀስ የሚችል ኋላ ይንቀሳቀስ።» ጽሑፉ ከመነሻው ገጹ ላይ በግልጽ ይቀመጣል። ስልኩ እንቅስቃሴውን አውቀዋለሁ ካለ ብቻ ተሰውሮ ይገለጣል፤ ካላለ ቁጭ እንዳለ ይቆያል። የማዕረጉም ጥሪ ከአሮጌው እስከ አዲሱ አንድ ሳይቀር ተጨመረ። ለ«ቀስ» ብቻ አይደለም፤ ለ«ዝለል»ም፣ ለሌሎቹም ሁሉ።

ሠርተው ሲጨርሱ በመጀመሪያ የከፈቱት በዚያው ስልክ፣ የአቶ ቶላን ማስታወቂያ ነው። እንደገና ወጥተን አዴ ጫልቱ እጅ ላይ አስቀመጡላቸው። ሥዕሉ በዝግታ መጣ፤ ጽሑፉም መጣ። አዴ ጫልቱ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አቶ… ቶላ… ባደረባቸው… ሕመም…»። የቀረውን አልጨረሱትም። ለወንድማቸው ያለቀሱት ያን ቀን ነው። ወይዘሮ ትርሲት መሬት ላይ ቁጭ ብለው የአዴ ጫልቱን እግር ይዘው አብረው አለቀሱ። እኔ ከብት የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ በአካባቢው ከብት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በሠሩ ቁጥር በዚያው ስልክ ሊሞክሩት ተራራውን መውጣት ልማዳቸው ሆነ። አዴ ጫልቱ በወንድማቸው ቦታ የእድሩ አባል ሆኑ። ዘመዶቻቸው አዲስ ስልክ እንግዛልዎ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ «ይቺ ዳኛ ናት። እሷ ያላየችው ለማንም አይወጣም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን መገናኛ ሕንፃ ላይ ሱቅ ያለው ወጣት ገጹን ሊያሠራ መጥቶ፣ የኔታ አሮጌ ስልኮችን ደርድረው ሲሞክሩ ቢያይ «እትዬ፣ ይህን የያዘ ሰው እኮ ዕቃ አይገዛም፤ ምን ያለፋዎታል?» አላቸው። ቀና ሳይሉ መለሱለት፤ «ዕቃ ላይገዛ ይችላል። ሰው ግን ይሞትበታል።» ልጁ ሥራውን ለሌላ ሰጠ።

የየኔታ ሕመም የኩላሊት ነበር። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ለሕክምና በሄዱ ቁጥር ጎረቤቶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወርዷቸዋል፣ ተሸክመው ያወጧቸዋል። እኔም ልሸከም ብዬ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ተያይተው የየኔታን ቦርሳ አሸከሙኝ። ደረጃው ላይ ሲያርፉ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሕመሙ ሲሰክንላቸው ደግሞ «ጋሼ፣ ቦርሳው ከበደዎት?» ይሉኛል። ጣቶቻቸው አብጠው ቁልፍ ሲነኩ ሁለት ፊደል አብሮ ይጻፍ ነበር። ያጠፉታል፣ እንደገና ይጽፉታል።

መውጣት ሲሳናቸው ወደ ኤንጦጦ የምላከው እኔ ሆንኩ። በመጨረሻ የሄድኩ ጊዜ ዝናብ ነበረ። ስመለስ ከአዴ ጫልቱ በራፍ በታች ባለው ቁልቁለት ተንሸራትቼ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዬ ወርጄ፣ ጭቃ ሆኜ ተመልሼ አዴ ጫልቱ ዘንድ ገባሁ። ከበሩ ጀርባ የወንድማቸውን ከዘራ አወጡ።

«እንካ፣ ያዝ።»

«እኔ ከዘራ አልይዝም፣ አዴ። ገና ነኝ።»

«ገና ለመውደቅ? ያዝ ብዬሃለሁ። ስትመጣ ትመልሳለህ።»

ይህን ለየኔታ ሳወራላቸው ሳል እስኪይዛቸው ሣቁ። ከዚያ በኋላ ሲሥቁ አልሰማሁም። ሳሉ ሲበርድላቸው እጄን ያዙ።

«የኔ ተራ ሲደርስ በ‹ቀስ› ያስገቡኝ፣» አሉ። «አዴ ጫልቱ ግን ከስልክ አይስሙ። እርስዎ ሄደው ይንገሩልኝ። በስልክ አንዴ በድያቸዋለሁ።»

እሺ አልኩ። ከሁለቱ ቃሎቼ አንዱን ጠዋት፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ አፈረስኩት። ሁለተኛውን ላድን ነበር ከቤት የወጣሁት። አዴ ጫልቱ ባትሪ እንዳያልቅ እያሉ ስልካቸውን ከቀትር በፊት አይከፍቱም፤ እደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ዳገቱ ግን ቀትርን አሳለፈብኝ። ከፈረንሳይ ሽቅብ ስወጣ ከዘራውን ይዣለሁ። ልመልሰው ነው የያዝኩት፤ መደገፌ በአጋጣሚ ነው።

ሳልደርስ ከሩቅ አየኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሰሙ፣» አልኩ።

«ሰማሁ።» ስልኩን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉት። «እየዘለለች ገባች። የምን ሠርግ ነው ብዬ ሣቅኩ። ከዚያ ቁጭ አለች። ጽሑፉም ከሥሯ ቁጭ አለ። አነበብኩት።»

«ስህተቱ የኔ ነው፣ አዴ።»

«የሷማ እንዳልሆነ ዐወቅኩ። እሷ አንዴ ነው የተሳሳተችው።»

ታች አዲስ አበባ ጭስ ለብሳ ተኝታለች። ዞረው አዩኝ።

«ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ። አደራ ብለውኝ ነበር። አልደረስኩም።»

«እና ተቀምጠህ ነው የምትነግረኝ? መርዶ ነጋሪ ይቆማል። ተነሥ።»

ከዘራውን ተደግፌ ተነሣሁ። ከፊታቸው ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አባቶቻችን እንደሚሉት ከነስማቸው፣ ከነሰዓቱ ነገርኳቸው። እያወቁት እንደማያውቅ ሰው አዳመጡኝ። ሲያልቅ ደረታቸውን መቱና አለቀሱ። ደግፎ የሚይዝ ሰው አላስከተልኩም ነበርና፣ እንዲህ እንደሆንኩ፣ እኔው ደገፍኳቸው። ማን ማንን እንደደገፈ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

«ለቶላ አልደረስኩም፣» አሉኝ ሲሰክኑ። «ለሷ እደርሳለሁ። አፈር አለብሳታለሁ።»

የኔታ፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ ልመለስ።

እንደተመለስኩ «ዝለል»ን አንሥቼ «ቀስ»ን አስገብቻለሁ። አሁን ገጽዎን የከፈተ ሁሉ እንዳሉት በዝግታ ያይዎታል። ሰብሳቢው ይቅር ብለውኛል። ሳባ ግን የጠዋቱን ገጽ ስልኳ ላይ ስላስቀረችው፣ በከፈተችው ቁጥር አሁንም ይዘላሉ፤ እኔም አጥፊው አላልኳትም። ያቺ የተሰነጠቀች ዳኛም ፈርዳለች፤ ተራራው አናት ላይ፣ በቀጭን መስመር፣ ከነእንቅስቃሴዎ ገብተው፣ ቁጭ ብለው አዴ ጫልቱን ጠብቀዋቸዋል። አንድ ፊደል አልተሰወረም። ጠርዙን ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ መሃሉ ላይ የገባው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው። ይህን ለማተም ዕድሜ ይሰጠኛል ብዬ አልገመትኩም፤ ባይሰጠኝም አልቀየምም ነበር። ቅንፉን ማን እንደሚዘጋልኝ አላውቅም። ይረፉ፣ የኔታ። የሠሩት ይሠራል።

አዴ ጫልቱ ነገ ይወርዳሉ። የወንድማቸውን ከዘራ በራፋቸው ላይ አስረክቤአቸው ነበር፤ ቁልቁለቱን አዩ፣ እግሬን አዩ፣ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። ልመልሰው ይዤው ወጣሁ፣ ተደግፌው ወረድኩ። እስካሁን አለብኝ።